ባለ25 ቶኑ ክሬን 3 ቶን አላነሳም ያለበት ቀን፦ የአንድ ክሬን ኪራይ አገልግሎት ግምገማ

በመስከረም አጋማሽ ገርጂ አካባቢ በሚገኝ ባለ4 ፎቅ የንግድ ሕንፃ ጣራ ላይ 2.8 ቶን የሚመዝን ቺለር (የሕንፃ ማቀዝቀዣ ማሽን) ለማውጣት ክሬን ተከራይተን ነበር። የተቋራጩ የሳይት መሐንዲስ ስለሆንሁ ክሬኑን ያዘዝሁትም፣ ውሉን የፈረምሁትም፣ ሥራው ሲሠራ ቆሜ የተከታተልሁትም እኔ ነኝ። የአከራዩን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ ያየሁትን ጉድለት ለኃላፊዎቹ በደብዳቤ አሳውቄአለሁ። ክሬን ለመከራየት የሚያስብ ሰው አገልግሎቱን በምን መመዘን እንዳለበት እንዲያውቅ ግን የሁለቱን ቀን ውሎ እንዳየሁት አቀርባለሁ።

በስልክ የተጠየቅሁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ዕቃው ስንት ይመዝናል፣ ቦታውስ የት ነው። «2.8 ቶን ከሆነማ ባለ25 ቶኑ ይበቃል» ተባልሁ። ክፍያው በሰዓት ሆኖ ዝቅተኛው የ8 ሰዓት ሒሳብ ነው፤ ማጓጓዣው ለብቻው ይታሰባል። ሳይቱን አስቀድሞ መጥቶ ያየ ሰው አልነበረም፤ የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት የጀመረውም ከዚህ ነው።

ክሬኑ በተባለው ቀን ልክ በ2 ሰዓት ደረሰ። ሊብሬው፣ ቦሎውና የኦፕሬተሩ መንጃ ፈቃድ የተሟሉ ነበሩ። ብዙ ተከራይ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ቦሎ ግን የሚመሰክረው ስለ ተሽከርካሪው እንጂ ስለ ኬብሉና ስለ መንጠቆው አይደለም። የማንሻ ክፍሎቹ የተመረመሩበትን ሰነድ ስጠይቅ ረዳቱ ከካቢኑ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ዓመት ያልሞላው ነበር። ኬብሉን ራሴ አየሁት፤ ግራስ ጠግቧል፣ የተበጠሰ ሽቦ አላገኘሁበትም፤ የመንጠቆው መዝጊያ ምላስም በትክክል ይመለሳል። በዚህ በኩል ለድርጅቱ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

ከሁሉ በላይ ላመሰግናቸው የምፈልገው ግን ኦፕሬተሩን ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳዎቹ የተጠጋ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የክሬኑን እግሮች ከመዘርጋታቸው በፊት ወርደው ግቢውን ዞሩት፤ የፊቱ የቀኝ እግር በሚያርፍበት ቦታ ሲደርሱ መሬቱን በተረከዛቸው ሁለት ጊዜ መቱና ዘበኛውን ጠርተው «አባባ፣ ከዚህ ሥር ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ሳያመነቱ «የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው ልጄ፣ አምና ነው በአፈር የተሸፈነው» አሉ። እኔ በያዝሁት ፕላን ላይ ይህ ጉድጓድ አልነበረም። ክሬን ጭነት አንሥቶ ወደ አንድ ጎን ሲዞር የራሱና የጭነቱ ክብደት አብዛኛው በዚያ ማዕዘን ባለው አንድ እግር ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የገርጂ መሬት ደግሞ ክረምቱን ውኃ የጠጣ መረሬ ነው። ጣውላ ብንደራርብበትም ያ የጉድጓድ ክዳን አይችለውም ነበር።

የሕንፃው ባለቤት ክሬኑ ወደ ኋላ ሸሽቶ እንዲቆም ጠየቁ። ይህ ማለት ከክሬኑ መዞሪያ መሐል እስከ ጭነቱ ማረፊያ ያለው አግድም ርቀት ከ12 ሜትር ወደ 16 ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ኦፕሬተሩ «በ16 ሜትር አላነሳም» አሉ። ባለቤቱም ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «ባለ25 ቶን ክሬን እንዴት 3 ቶን ማንሳት ያቅተዋል?» ኦፕሬተሩ አልተቆጡም። «ጋሼ፣ ይምጡ ላሳይዎት» ብለው ከካቢኑ ሎድ ቻርቱን፣ ማለትም ክሬኑ በየርቀቱ ማንሳት የሚችለውን ክብደት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ፣ አወጡና በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ አነበቡላቸው። 25 ቶን የሚለው ቁጥር የሚሠራው ጭነቱ ክሬኑ አጠገብ፣ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ሲሆንና እግሮቹ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጉ ብቻ ነው። ለእኛ በሚያስፈልገን የቡም (የክሬኑ ረጅም ክንድ) ርዝመት በ12 ሜትር 4.6 ቶን፣ በ16 ሜትር ግን 2.7 ቶን ይላል። የመንጠቆው ብሎክና የማንጠልጠያዎቹ ክብደትም ከጭነቱ ጋር ስለሚደመር የምናነሳው 2.8 ሳይሆን 3.15 ቶን ያህል ነበር። ባልዲ ውኃ ደረት ላይ አቅፎ መያዝና ክንድን ዘርግቶ መያዝ አንድ አለመሆኑን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሠንጠረዥ መረዳት አይከብደውም፤ ባለቤቱም ገባቸው።

ድርጅቱ ክሬኑን መልሶ በማግሥቱ ባለ50 ቶን ላከ፤ ያንኑ ኦፕሬተርም አብሮ። ይህ የሚያስመሰግነው ነው፤ ኦፕሬተሩን «ለምን እንቢ አልህ» ብሎ የገሠጸ ኃላፊ አልሰማሁም። ነገር ግን የመጀመሪያውን ቀን ግማሽ ሒሳብና ሙሉ የማጓጓዣ ዋጋ አስከፍሎናል። አንድ ሰው ቀድሞ መጥቶ ርቀቱን በሜትር ለክቶ፣ መሬቱንም ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ወጪ ባልመጣ ነበር፤ ስለዚህ ክፍያው ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛውና ይበልጥ ያሳሰበኝ ጉድለት የታየው በማግሥቱ ነው። ድርጅቱ ማንጠልጠያ ቀበቶ ቢልክም ጭነቱን የሚያስርና ምልክት የሚሰጥ የሠለጠነ ሰው አልላከም። ከመጡት አራት አረንጓዴ ቀበቶዎች ሁለቱ መለያ ጽሑፋቸው ተቀድዶ ጠፍቷል። በአውሮፓ ደረጃ አረንጓዴ ቀለም የ2 ቶን ምልክት ነው፤ ነገር ግን ጽሑፉ የሌለው ቀበቶ ዕድሜውም አቅሙም ስለማይታወቅ ከሥራ ውጭ መሆን አለበት። ሁለቱን አስመልሼ በራሳችን ቀየርናቸው። የቀን ሠራተኞቹም ቀበቶዎቹን አሳጥረው ሊያስሩ ሲሉ ኦፕሬተሩ አስቆሟቸው፤ ቀበቶ ሲያጥር ወደ አግድም ይተኛልና። ግትር ጭነት በአራት ማንጠልጠያ ቢታሰርም ሁለቱ ብቻ እንደሚሸከሙት ተቆጥሮ ይሰላል፤ በዚህ ስሌት ቀበቶው ከአግድም 60 ዲግሪ ሲሠራ በእያንዳንዱ ላይ 1.6 ቶን ገደማ ያርፋል፤ ወደ 30 ዲግሪ ከተኛ ግን የጭነቱ ሙሉ ክብደት፣ 2.8 ቶን፣ በእያንዳንዱ ላይ ይወድቃል። ያ ደግሞ ከአረንጓዴው ቀበቶ አቅም በላይ ነው።

ቺለሩ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ሲል ከታች ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ እጃቸውን ያወናጭፉ ጀመር፤ አንዱ ከፍ አድርግ፣ ሌላው ግራ፣ ሦስተኛው ቆይ ይላል። ኦፕሬተሩ ጭነቱን ባለበት አቁመው ጡሩምባ ነፉና «አንድ ሰው ብቻ! ቁም ለማለት ግን ሁላችሁም ትችላላችሁ» አሉ። ምልክቱን እኔ ያዝሁ። ክንድን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ መዳፍን ወደ መሬት አድርጎ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ «ቁም» ማለት መሆኑን ለሁሉም ካሳየን በኋላ ሥራው ቀጠለ። በመንገዱ ዳር ባለ15 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ስለሚያልፍ ቡሙ ወደዚያ እንዳይዞር አንድ ሰው እሱን ብቻ እንዲጠብቅ አቆምን። ቺለሩ በመምሪያ ገመድ እየተያዘ፣ ሳይሽከረከር፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ ጣራው ላይ አረፈ።

በጳጉሜን 6 ቀን 2007 ዓ.ም. በመካ ታላቁ መስጊድ የወደቀው ክሬን ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በዚያች ሰዓት ጭነት አያነሳም ነበር፤ ቡሙ እንደ ቆመ ነፋስ ነው የጣለው። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ለምሳ ሲወርዱ እንኳ ቡሙን አጥፈው መሄዳቸውን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ ሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነትም ሕይወቱን ለከባድ አደጋ ከሚያጋልጥ ሥራ በበቂ ምክንያት የራቀ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይደነግጋል። ድርጅቱን ለማመን የበቃሁት እኒህ ሰው እንቢ ሲሉ ተቆጪ የሌለባቸው መሆኑን ሳይ ነው።

ለማሽኑ ይዞታና ለኦፕሬተሩ ከ5 አምስት፣ ለማንጠልጠያዎቹና ለቅድመ ዝግጅቱ ግን ከ5 ሁለት እሰጣለሁ። በኅዳር ጀነሬተር የምናነሳበት ሌላ ሥራ ስላለን ለዚሁ ድርጅት ጥያቄ አቅርቤአለሁ፤ በውሉ ረቂቅ ላይም ሦስት ነገር አስገብቻለሁ፦ ክሬኑ ከመላኩ በፊት ሳይቱ እንዲለካ፣ ምልክት ሰጪው ከድርጅቱ እንዲመጣ፣ ኦፕሬተሩም እኒሁ ሰው እንዲሆኑ።