ስዕሉ ካልተናገረ ኮሚክ አልለውም፦ ስለ አያ፣ ቫጋቦንድ፣ ኮርቶ ማልቴዝ እና ጀምበር

ባህር ዳር ውስጥ ኮሚክስ የሚያነብ ሰው የለም ሲባል ይገርመኛል፣ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢም ሂዱ ፖሊ ግቢም ሂዱ ስልኩ ላይ ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ያልጫነ ተማሪ ማግኘት ነው የሚከብደው። የጠፋው ስላነበበው ነገር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ነው። ስለዚህ እኔ የወደድኩትንም ያልጣመኝንም ልበላችሁ። መለኪያዬ አንድ ናት፦ ጽሑፉን በጣቴ ብሸፍነው ስዕሉ ብቻውን ታሪኩን ይነግረኛል ወይ? ከነገረኝ ደራሲውና ሰዓሊው ተግባብተዋል፣ ካልነገረኝ ግን ልብወለድ ላይ ስዕል ለጥፈው ነው የሰጡኝ።

አንደኛ የማስቀምጠው የዮፑጎኗን አያን ነው፣ ዮፑጎን የአቢጃን ሰፈር ናት። ደራሲዋ ማርጌሪት አቡዌ አቢጃን ተወልዳ በልጅነቷ ፈረንሳይ የሄደች ናት፣ ሰዓሊው ደሞ ፈረንሳዊው ክሌሞን ኡብሬሪ። የመጀመሪያው ጥራዝ በፈረንጆቹ 2005 ወጣ (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ በዓመቱ አንጉሌም በሚባለው የፈረንሳይ የኮሚክስ ፌስቲቫል ላይ የመጀመሪያ ሥራ ሽልማት ወሰደ፣ ሲያንሰው ነው። ታሪኩ በ1970ዎቹ መጨረሻ አይቮሪ ኮስት ውስጥ ነው፣ ጦርነት የለም ረሃብ የለም፣ ሦስት የሰፈር ጓደኛሞች ናቸው፣ አያ ሐኪም መሆን ነው ሕልሟ፣ አጁዋና ቢንቱ ደሞ ጭፈራና ወንድ ነው ሐሳባቸው፣ ከዛ አንዷ ታረግዛለች፣ ሁለት ቤተሰብ ይፋጠጣል፣ ሀብታምና ድሃ አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ሲተያይ የሚያሳየው ፓናል (የሥዕል ሳጥን) ላይ ማንም ምንም ባይናገር እንኳን ሁሉም ነገር ይገባችኋል። ሌላ ደሞ አለ፣ ቀን ገበያ የሆነው ቦታ ሲመሽ ጠረጴዛዎቹ ላይ ፍቅረኛሞች ይቀጣጠራሉ፣ የሺ ኮከብ ሆቴል ነው የሚሉት። ጣና ዳር ዘንባባው ስር አምሽቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ማንም እንዲያብራራለት አይፈልግም።

እማዬ አንድ ቀን ቡና እያፈላች አጠገቤ መጣችና ታብሌቱን አየችው፣ እንግሊዝኛ አታነብም፣ ዝም ብላ ገጹን ስታይ ቆየችና "ይቺ ልጅ እናቷን እየዋሸች ነው አይደል?" አለችኝ። ልክ ነበረች! ዓይኗን ወደ ጎን ማድረጓንና እጇን ወደ ኋላ መደበቋን አይታ ነው። ከዛ በኋላ ሲኒውን እንደያዘች "እስቲ ግለጠው፣ ቀጥሎስ?" ስትለኝ ነበር። ለኡብሬሪ ከዚህ በላይ ምን ምስጋና አለ።

ማንጋ ላይ ስመጣ ብዙ ሰው ዋን ፒስ ነው የሚለኝ። ኢይቺሮ ኦዳን አከብረዋለሁ፣ ከ1997 ጀምሮ አንድ ታሪክ ይዞ መዝለቅ ቀላል አይደለም፣ ግን ገጹ ይጨናነቅብኛል፣ ዓይኔ የሚያርፍበት ያጣል። የኔ ሰው ታኬሂኮ ኢኖዌ ነው። ስላም ዳንክ የሚባለውን የባስኬትቦል ማንጋ የሠራው እሱ ነው፣ ከዛ በ1998 ቫጋቦንድን ጀመረ፣ ስለ ጃፓናዊው ሰይፈኛ ሚያሞቶ ሙሳሺ፣ መነሻው የኤይጂ ዮሺካዋ ልብወለድ ነው። እና ኢኖዌ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ የሙሳሺን ባላንጣ ኮጂሮን መስማት የተሳነው አድርጎ ሣለው። ልብወለዱ ላይ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ስለዚህ ኮጂሮ ያለባቸው ቻፕተሮች ላይ ንግግር እየቀነሰ ይሄድና ሣር ሲወዛወዝ፣ ባሕር ሲመታ፣ ልጁ የሰይፍ ጫፍ ትኩር ብሎ ሲያይ ብቻ ነው የምታዩት። እኔ እዛ ላይ ቆም እያልኩ ነው ያነበብኩት። ድፍረት ማለት ይሄ ነው፣ ደራሲ የራሱን ቃል ትቶ ሥራውን ለብሩሹ ሲሰጥ።

ይሄ ለኛ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም እኮ። ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡና የመቅደሱን ግድግዳ እዩት፣ በላኤ ሰብእ አለላችሁ፣ 78 ሰው የበላው፣ በእመቤታችን ስም በሰጣት ጥርኝ ውኃ የዳነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው እንኳን ቢያንስ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ ወዲያው ይለያል፣ ምክንያቱም በኛ አሣሣል ጻድቁ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉው ደሞ በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚኖረው። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሳጥን ከፋፍለው የሚስሉት ሥዕል ደሞ አለ፣ እሱን ኮሚክ ካላልነው ምን ልንለው ነው?

ስለኛ አገር ከሣሉት ፈረንጆች ውስጥ የምመክራችሁ ጣሊያናዊውን ሁጎ ፕራትን ነው፣ ኮርቶ ማልቴዝ ስለሚባል መርከበኛ የሚያወራውን ኮሚክ ሰዓሊና ደራሲ። እሱን ሳነብ ሆዴ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አባቱ የጣሊያን ወታደር ነበር፣ ፕራትም ልጅ ሆኖ በወረራው ዘመን ነው ኢትዮጵያ የመጣው፣ ያንን መርሳት አይቻልም። ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሠራቸው የኢትዮጵያ ታሪኮች ውስጥ ኩሽ የሚባለው ተዋጊ የማንም አሽከር አይደለም፣ የራሱ ሐሳብ አለው፣ ኮርቶን ፊት ለፊት ይሞግተዋል። በረሃውን ደሞ በጥቁር ቀለምና በባዶ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው የሚያሳያችሁ፣ ሙቀቱ ይሰማችኋል። ከዚህ ጎን የቤልጅየሙ ሰዓሊ ኤርዤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያወጣውን ቲንቲን ኮንጎ ውስጥ የሚለውን አስቀምጡት። መስመሩ ንጹሕ ነው፣ እጁ አይታማም፣ ነገር ግን ኮንጎን ሳያይ ነው የሣላት፣ ጥቁሮቹ ሁሉ አንድ ፊት ነው ያላቸው። ሌሎቹን የቲንቲን መጽሐፎች ወድጄ አንብቤያለሁ፣ ያኛውን ለታናሽ እህቴ አላሳይም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ጀምበር የሚባል የሱፐርሂሮ ኮሚክ አለ፣ በሰራት ደበበ የጻፈው፣ ኢታን ኮሚክስ በ2018 በፈረንጆቹ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያወጣው። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ አዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው። ይሄን ማሰቡ ብቻ ያስጨበጭባል፣ ዲግሪ ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር የሚውለውን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። በአማርኛ ኮሚክ ማንበብ ደሞ ሌላ ስሜት ነው፣ ልጆች ላላችሁ ወላጆች ዛሬውኑ ፈልጉላቸው። የኔ ቅሬታ፣ የአሜሪካ ሱፐርሂሮ አካሄድ ይጫነዋል፣ ኃይሉ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ኑሮ፣ የቤቱን፣ የታክሲውን፣ የሰልፉን ነገር ረጋ ብሎ ቢያሳየኝ እመርጥ ነበር። ይሄን የምለው ስለምወደው ነው፣ የኛ የሆነውን ነገር ዝም ብሎ ማሞገስ አይጠቅመውም።

ስለ አነባበብ አንድ ነገር፣ ቫጋቦንድን በትንሽ ስልክ አትሞክሩት፣ ሁለት ገጽ ሙሉ የተሣለ ሥዕል ተቆርጦ ነው የሚመጣላችሁ፣ ታብሌት ተዋሱም ቢሆን። ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብም አትርሱ። አያን ግን በስልክም ትችሏታላችሁ፣ ፓናሎቹ ሰፋ ሰፋ ያሉ ናቸው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ አያ ከ10 ዘጠኝ ተኩል፣ ቫጋቦንድ ዘጠኝ፣ የፕራት ስምንት ተኩል፣ ጀምበር ሰባት። ቫጋቦንድ ሙሉ ዘጠኝ ተኩል ያላገኘው ኢኖዌ ከ2015 ጀምሮ ስላቆመው ነው፣ የሙሳሺና የኮጂሮ የመጨረሻ ፍልሚያ እስካሁን አልተሣለም፣ ይሄን አውቃችሁ ጀምሩት።