አራት ኪሎ ያለው የወጣቶች ደቀ መዝሙርነት ስልጠና ምን ይመስላል?

የወጣቶች ፕሮግራም ሲባል መዝሙር፣ ጭብጨባና ሻይ በዳቦ ብቻ ከመሰላችሁ ይሄኛው ለየት ይላል። ስሙን አልጠራም፤ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትሄዱ ገባ ብሎ ነው። ቀልድ የለም። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ከአንድ ታላቅ ጋር ትቀመጣላችሁ፣ የሳምንቱን ጥቅስ በቃል ትላላችሁ፣ የጥሞና ደብተራችሁ (የግል ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ማስታወሻችሁ) ይታያል፣ ባዶ ገጽ ከተገኘ ደግሞ ማንም አይቆጣም፣ "ሳምንቱ እንዴት ነበር?" ተብሎ ዝም ይባላል። ቢቆጡ ይሻል ነበር!

የሚሽን (የወንጌል ተልእኮ) ትምህርቱ ግን አንደኛ ነው። ሚሽን ፈረንጅ ወደ እኛ የሚመጣበት ብቻ እንዳልሆነ በራሳችን ታሪክ ያሳያሉ። ኤስአይኤም የተባለው የውጭ የወንጌል ተልእኮ ድርጅት ሚሲዮናውያን ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ጣልያን ሲወር ለቀው ወጡ፣ የቀሩት ጥቂት አማኞች ግን እየታሰሩና እየተገረፉ ጎረቤታቸውን አስተማሩ፣ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነው። ይሄን ሰምቶ "ቋንቋ አልችልም፣ ገንዘብ የለኝም" ማለት ይከብዳል።

የማይመቸኝም አለ። ሰዓት አያከብሩም። አስራ አንድ ተኩል የተባለው አስራ ሁለት ይሆናል፣ ስትወጡ የታክሲ ሰልፉ አይጣል ነው። የሚታደለው ወረቀትም ፎቶ ኮፒ የፎቶ ኮፒ ስለሆነ ዳር ዳሩ ተቆርጧል፣ ግማሹን ገምታችሁ ታነባላችሁ።

ተማሪና ሠራተኛ ሁለቱም ይችለዋል፣ የቤት ሥራው ግን ይበዛል። ለምዝገባ የአጥቢያችሁን የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፤ ያለሱ አይቀበሉም።