ምናለሽ ተራ፦ ለሚክስድ ሚዲያ ተማሪ የሚሆን ሱቅ

ሚክስድ ሚዲያ (ቀለምን ከብረት፣ ከጨርቅ፣ ከሽቦና ከመሳሰለው ጋር ቀላቅሎ የመሥራት ጥበብ) ለምትማሩ፣ ወይም ዘንድሮ ልትጀምሩ ላሰባችሁ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ ለእናንተ የሚሆነው ምርጥ ሱቅ መርካቶ ነው ያለው። ምናለሽ ተራ። «የሥዕል ዕቃ መሸጫ» የሚል ታፔላ አታገኙም። ብሩሽም፣ ሸራም፣ የቀለም ትዩብም የለም። ግን እኔ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ዲግሪዬን ስማር ከየትኛውም የቀለም ሱቅ በላይ የጠቀመኝ ይህ ቦታ ነው።

ለማያውቀው ሰው፦ ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው ዕቃ ብዙው መጨረሻው እዚህ ነው። አሮጌ ጣሳ፣ ጀሪካን፣ የተሰበረ ራዲዮ፣ የተጣመመ ፌሮ፣ የበለዘ ድስት። እዚህ የደረሰ ነገር አይጣልም። ጎማው በረባሶ ይሆናል። ጣሳው የዕጣን ማጨሻ ይሆናል። ፌሮው በመዶሻ ይቃናና እንደገና ቤት ይሠራበታል።

መጀመሪያ ስትሄዱ ምንም አትግዙ። አንድ ጥግ ቆማችሁ በርሜል ሲዘረጋ እዩ። ክዳኑና ቂጡ ዙሪያውን በመሮ ይቆረጣል። ከዚያ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ይቀመጡና ተራ በተራ በመዶሻ ይመቱታል። አንዱ መዶሻ ሲነሳ የሌላው ያርፋል፤ ምቱ አይዛነፍም። ክብ የነበረው ብረት ቀስ በቀስ ላሜራ ይሆናል። የበርሜሉ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ቀለም መዶሻው ባረፈበት ቦታ ብቻ ይላጥና ከሥሩ ብረቱ ብልጭ ይላል። ሙሉው ላሜራ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይሆናል። ይህንን ገጽታ በብሩሽ ላምጣው ብዬ ብደክም አላመጣውም። እዚያ ግን በኪሎ ይሸጣል።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። በፈረንጆቹ 1957 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) አለ ፈለገ ሰላም ከመሠረቱት ከዚህ ትምህርት ቤት ጋር ስማቸው የተያያዘ ብዙ ሰዎች ከሸራ ወጥተው ሠርተዋል። እዚያ ያስተማረው እስክንድር ቦጎሲያን ቆዳና የዛፍ ልጥ ላይ ሥሏል። ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጥቅ ጎን ለጎን እየደረደረ ሥሏል፤ በ1992 የዳካር ቢየናሌን (በየሁለት ዓመቱ ሴኔጋል የሚካሄደውን የሥነ ጥበብ ትርኢት) ሽልማት ወስዷል። ከሁሉም ለዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ግን ኤልያስ ስሜ ነው። በ1990 ከዚሁ ትምህርት ቤት ተመረቀ። መጀመሪያ ሸራ ላይ በክር ይሰፋ፣ ቁልፍ ይደረድር ነበር። በኋላ ከመርካቶ የኮምፒውተር ቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየገዛ ትልልቅ ፓነሎች መሥራት ጀመረ። በ2019 አሜሪካ የተከፈተው ተዘዋዋሪ ኤግዚቢሽኑ ካናዳ ድረስ ሄዷል። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ነው። ትምህርቱን የጀመረ ሰው ሁሉ ሄዶ የጭቃውን ግድግዳ በእጁ ዳስሶ እንዲመለስ እመክራለሁ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። አገልግሎቱ እንዴት ነው? ከሰው ሰው ይለያያል፤ ደንበኛ ስትሆኑ ግን ሌላ ነው። የእኔ ደንበኛ የኮምፒውተርና የቴሌቪዥን ቦርድ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት «ለጥገና ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ለሥዕል ነው።»

ዝም ብለው አዩኝ። ስልኬን አውጥቼ የኤልያስን አንድ ሥራ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እያሰፉ ተመለከቱት። «ይቺ የሬዲዮ ናት» አሉ። «ይቺ ደግሞ የስልክ ማዞሪያ ናት። በደንብ አጽድቶታል።» ከዚያ ወዲህ ቦርዱን በቀለም ይለዩልኛል። አረንጓዴው ለብቻ፣ ቡናማው ለብቻ። ስደውል «አረንጓዴው አልቋል፤ ሰማያዊ ይሁንልሽ?» ይሉኛል። እንዲህ የሚጠይቅ ሻጭ የትም አላየሁም። ሥዕል አስተማሪ ቢሆኑ ጎበዝ ይወጣቸው ነበር።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ ነገ ይቀየራል። ንጽጽሩን ግን ልስጥ። ከውጭ የመጣ አንድ ደህና የአክሪሊክ ትዩብ በምትገዙበት ገንዘብ እዚህ ለአንድ ሰሚስተር የሚበቃ ላሜራና ሽቦ በጆንያ ትሸከማላችሁ። አክሪሊኩም ቢሆን ደህና ከሆነ ነው። ከተማ ውስጥ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዛሁት ቀይ ቀለም ከፍቼ ሳየው ውስጡ ረግቶ ነበር። መልሼ ስወስደው «የተከፈተ አንመልስም» አሉኝ። ሳይከፈት መበላሸቱ እንዴት ይታወቃል? እስካሁን ያናድደኛል። ምናለሽ ተራ ላይ የምትገዙትን ነገር ሁሉ በእጃችሁ ገልብጣችሁ፣ አጥፋችሁ፣ አንኳኩታችሁ ነው የምትገዙት።

አሁን ብዙዎች የሚቸገሩበትን ነገር እንይ። ከዚያ የመጣ ዕቃ ቀጥታ ሥዕል ላይ አይለጠፍም። ብረቱ ቅባት አለው። በሙቅ ውኃና በኦሞ ይታጠብ፤ በደንብ ይድረቅ። የላላው ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ይነሳ። ቀለም ልትቀቡበት ከሆነ መጀመሪያ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡ። በውኃ የሚሠራ ቀለም ባዶ ብረት ላይ ካረፈ ዝገቱ በቀለሙ አልፎ ይወጣል፤ ነጩ በሳምንት ውስጥ ቡናማ ይሆናል። ዝገቱን ራሱን የምትፈልጉት ከሆነ ደግሞ እሱም ይቻላል። የላላውን አራግፉና በቬርኒሽ ዝጉት።

ማጣበቂያ ላይ በተለይ አስቡበት። ነጭ የእንጨት ኮላ ወረቀት፣ ጨርቅና እንጨት ይይዛል። ብረት ከብረት ጋር አይዝም። ማስቲሽ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይመስላል፤ ጊዜ ሲያልፍ ግን ይደርቅና ይለቃል። ለአንድ ኤግዚቢሽን ብቻ ከሆነ ይሁን። ሥራው ተሸጦ ሰው ቤት የሚሰቀል ከሆነ ግን ገዢው ላይ ግፍ ነው። እኔ በሽቦ አስራለሁ፣ በሚስማር እመታለሁ፣ ወይም እዚያ የሚሠሩትን ልጆች በሪቬት (ሁለት ብረት በስቶ በሚይዝ ምስማር) አስይዙልኝ እላለሁ። እዚያው፣ ቆሜ እያየሁ፣ በትንሽ ገንዘብ ይሠሩልኛል። የሚስማሩ ራስ ቢታይ ምን ችግር አለው? እንዲያውም የሥራው አካል ይሆናል።

ክብደትም አለ። ኮምፔርሳቶ ላይ ብረት ስትደረድሩ ጀርባው በሞራሌ ካልተደገፈ ይጎብጣል። የምርቃት ኤግዚቢሽን ሲደርስ ግድግዳው ይችለዋል ወይ ብሎ መጨነቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍሬሙን ቀድማችሁ አሠሩ፣ ከዚያ ደርድሩ።

የማትገዟቸው ነገሮችም አሉ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የመኪና ባትሪ አትንኩ። ውስጡ እርሳስና አሲድ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ቱቦ አትስበሩ፤ ሊፈነዳ ይችላል፤ መስታወቱም እርሳስ አለበት። ሸምበቆ የሚመስለው ረጅም አምፖል ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ቦርድ በግራይንደር (በሚሽከረከር የኤሌክትሪክ መቁረጫ) አትቁረጡ፤ የሚበነው እንደ ክር የቀጠነ መስታወት ነው፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በመቀስ ወይም በእጅ መጋዝ፣ ውኃ እየረጫችሁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ቁረጡ። መዳብ ለማግኘት ሽቦ የሚያቃጥል ጓደኛ ካላችሁ አስቁሙት። የአሮጌ ቦርድ ብየዳ እርሳስ ስላለው እጅ ሳትታጠቡ እንጀራ አትንኩ። ወፍራም የቆዳ ጓንት እዚያው መርካቶ ይሸጣል። ከብሩሽ በፊት እሱን ግዙ።

ክፍል ውስጥ ምን ያህል ዋጋ አለው ለሚለው፣ እኔ ያየሁት ይህ ነው። ክሪቲክ ላይ (መምህራንና ተማሪዎች ሥራችሁን አይተው ሲተቹ) «ለምን ይህን ማቴሪያል መረጥሽ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ዕቃውን ከሱቅ በካርቶን ያመጣ ተማሪ እዚህ ጋ ይንተባተባል። ቆራሌው ከየት እንዳመጣው፣ ማን እንደዘረጋው፣ ለምን ቢጫው እንደተላጠ በዓይኑ ያየ ተማሪ ግን መልሱ አፉ ላይ ነው። ሥራውም ይለያል። ብረት ለጌጥ አይለጥፍም፤ ምክንያት አለው። ለሚክስድ ሚዲያ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም። መምህራን አንደኛ ዓመትን ከመጀመሪያው ሰሚስተር ጀምሮ ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኛል።

ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ቆራሌዎች ያመጡት ገና ሳይለይ ታገኛላችሁ። እሑድ አትሂዱ። አርብ ብዙ ነጋዴ ለጁምዓ ስለሚወጣ ከዚያ በፊት ጨርሱ። ዝርዝር ብር ያዙ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሠራተኛውን ጠይቁ፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ሲፈቅድም የሠራችሁትን ሥራ ፎቶ በሌላ ቀን አምጥታችሁ አሳዩት። ዋጋ ስትከራከሩ ሚዛኑ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ እርጥብ ጆንያም አትቀበሉ፤ ውኃውም ይመዘናል። ጭነታችሁ ከበዛ ተሸካሚ ጥሩ፤ እስከ ታክሲው ድረስ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ላዳ ከያዛችሁ ደግሞ ላሜራውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ የሹፌሩ ወንበር እንዳይቀደድ።