የ«ቀለበቶቹ ጌታ» ሦስት ፊልሞች፦ የትኛው ክፍል፣ አጭሩ ወይስ ረጅሙ?

የዳይሬክተሩን የፒተር ጃክሰንን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሊገዛ የተነሣ ሰው ከሦስት ፊልሞች የሚመርጥ ይመስለዋል። ምርጫው ግን ከስድስት ነው። እያንዳንዱ ክፍል በሲኒማ ቤት የታየው አጭሩ፣ በኋላም ትዕይንቶች ተጨምረውበት የወጣው ረጅሙ አለው። «ሁልጊዜ ረጅሙን ግዙ» የሚለውን የአድናቂዎች ምክር ለአንዱ ክፍል እቀበለዋለሁ፤ ለሦስቱም ግን አልቀበለውም።

ፊልሞቹ በኒውዚላንድ በአንድነት ተቀርጸው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2003 በየዓመቱ መጨረሻ አንድ አንድ እያሉ ወጡ። ተዋናዮቹም፣ አልባሳቱም፣ የሃዋርድ ሾር ሙዚቃም አንድ ቤተሰብ ናቸው። የሚለያዩት በአተራረካቸው ነው።

የመጀመሪያው፣ «የቀለበቱ ጓዶች»፣ 178 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከሦስቱ ብቻውን ሊቆም የሚችለውም እርሱ ነው። መንገዱ አንድ ነው፦ ቁመተ አጭሩ ጀግና ፍሮዶ አደገኛውን ቀለበት ይዞ ከሰላማዊ አገሩ ከሻየር ይወጣል፣ ሪቨንዴል ይደርሳል፣ ጓዶች ያገኛል፣ በሞሪያ ዋሻ ያልፋል። ይህን ዓለም ጨርሶ የማያውቅ ተመልካችም ከእርሱ ጋር እየተማረ ይጓዛል። ጦርነት የናፈቀው ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ሊሰላች ይችላል፤ ግብዣው፣ ጭፈራው፣ የአስማተኛው የጋንዳልፍ ርችት ብዙ ነው። ለእኔ ግን የፊልሙ ጉልበት ያለው እዚያው ዝግታ ውስጥ ነው። ሻየርን ያልወደደ ሰው ፍሮዶ ትቶት የሄደውን ነገር ክብደት አይረዳውም። ደግሞም ጋንዳልፍ ከፍሮዶ ጎን ግዙፍ ሆኖ የሚታየው በብዙ ቦታ ተዋናዮቹን ከካሜራው በተለያየ ርቀት በማስቀመጥ ነው፤ ከዚያ ዘመን የኮምፒውተር ምስሎች ብዙዎቹ ሲያረጁ ይህ ዘዴ ዛሬም አላረጀም። ረጅሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨምራል፤ የጫካው እመቤት ጋላድሪኤል ለተጓዦቹ ስጦታ የምታድልበት ትዕይንት በሙሉ የሚገኘው እዚያ ነው። ደስ ይላል፤ ባይኖርም ግን ታሪኩ አይጎድልም።

«ሁለቱ ግንቦች» ሌላ ጉዳይ ነው። ጓዶቹ ተበታትነዋል፣ ታሪኩ በሦስት መንገድ ይሮጣል፣ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። ይህን ብቻ ገዝቶ ለማየት መሞከር መጽሐፍን ከመሃል እንደ መግለጥ ነው። በምላሹ ሁለት ነገር ይሰጣል፦ የሄልምስ ዲፕ ምሽግን የዝናብ ሌሊት ውጊያና በአንዲ ሰርኪስ ትወና ላይ የተገነባውን፣ ቀለበቱ ያበላሸውን ፍጡር ጎለምን፤ ከራሱ ጋር የሚጨቃጨቅበትን ትዕይንት የሚያህል በሦስቱም ውስጥ ጥቂት ነው። በ179 ደቂቃው አጭር ላይ የሚጎዳው ፍሮዶን የሚይዘው የጦር አዛዥ ፋራሚር ነው፤ ያለ ምክንያት የጨከነ ይመስላል። ረጅሙ ከወንድሙ ከቦሮሚርና ከአባቱ ጋር የነበረበትን ትዕይንት ስለሚጨምር ሰውየው ድንገት ሰው ይሆናል። ስለዚህ ይህን ክፍል በረጅሙ ብቻ ግዙ።

«የንጉሡ መመለስ» ለ11 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ 11ዱንም ወስዷል፤ የመጀመሪያው ከ13 እጩነት ያገኘው 4 ነበር። ሽልማቱ የተሰጠው ለሦስቱም ድካም እንደሆነ አምናለሁ፤ በእኔ ሚዛን የመጀመሪያው ይበልጣል። አጭሩ 201 ደቂቃ ነው። «አለቀ» ብላችሁ ከተነሣችሁ በኋላ ደግሞ ደጋግሞ ይሰናበታል። 251 ደቂቃ የሚፈጀው ረጅሙ ክሪስቶፈር ሊ የተጫወተውን የክፉውን አስማተኛ የሳሩማንን መጨረሻ ያሳያል፤ አጭሩ ይህን ጨርሶ ትቶታል። በአንጻሩ በውጊያው መካከል ድንገት የሚደርሰውን ርዳታ ረጅሙ አስቀድሞ ስለሚገልጠው ድንጋጤው ይቀዘቅዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው አጭሩን ይያዝ።

በብሉሬይ ረጅሞቹ እያንዳንዳቸው በሁለት ዲስክ ስለተከፈሉ መሃል ላይ ተነሥቶ መቀየር ግድ ነው። በማሸጊያው ላይ የምታነቡት የደቂቃ ቁጥር እዚህ ከጠቀስኩት በልጦ ከተገኘም አትደነቁ፤ በመጨረሻ የሚያልፈው የአድናቂዎች ስም ዝርዝር ተቆጥሮ ነው። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ይውሰድ፣ አጭሩም ይበቃዋል። ሦስቱን ለየብቻ መግዛት የሚችል ደግሞ የእኔን መደርደሪያ ይቅዳ፦ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር።