የሙቀት ጌጄን ችግር በትክክል ላወቀልኝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ወጣት ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገንና፣ እንደ እኔ በዳሽቦርድ ጌጅ ምክንያት ከጋራዥ ጋራዥ ለምትንከራተቱ ባለመኪናዎች ለመጠቆም ነው። ስሙንና ስልክ ቁጥሩን እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ ፈቃዱን አክብሬያለሁ፤ የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ አድራሻውን እልክለታለሁ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተመረተች፣ ብዙዎቻችን ዲኤክስ እያልን የምንጠራት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ዕድሜዋ ከመጀመሪያ ልጄ ዕድሜ ይበልጣል። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የሙቀት ጌጇ ጠቋሚ ማታ ማታ ወደ ቀዩ መስመር መጠጋት ጀመረ። ቀን ላይ ከመካከለኛው ቦታ ንቅንቅ የማይል ጠቋሚ፣ ከመሸ በኋላ ከሜክሲኮ ወደ አያት ስመለስ መገናኛን ሳላልፍ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ በዚያ ሰዓት የሚጨናነቅ በመሆኑ፣ ሞተሩ ቆሞ በመሥራት ብዛት የሚግል መስሎኝ ነበር። በየምሽቱ ዳር ይዤ ቆሜ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። የሚገርመው ግን አንድም ቀን ውኃ ሲፈላ አልሰማሁም፣ እንፋሎት ሲወጣም አላየሁም።

የመጀመሪያው ጋራዥ ራዲያተሩን አጠበልኝ። ሁለተኛው ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውኃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀውን ቫልቭ፣ ቀየረ። ሦስተኛው፣ የየትኛውንም ስም አላነሳም፣ ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ጋርኒሲዮኑ (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ስለተቃጠለ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተፈትቶ ቶርኖ ቤት ሄዶ መላጨት እንዳለበት ነገረኝ። ውኃ አይጎድልም፣ ዘይቱ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ አልነጣም፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አይወጣም ብዬ ብጠይቀው፣ ገና መጀመሪያው ስለሆነ ነው የሚል መልስ ሰጠኝ። ሠላሳ ዓመት በሒሳብ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝና፣ ማስረጃ ያልቀረበለትን ወጪ ለመፈረም እጄ እሺ አላለኝም።

ገንዘቡን ለማሰባሰብ ጥቂት ቀናት ስጠይቅ ሌላ ነገር ደረሰብኝ። አንድ ማታ ሲኤምሲ አካባቢ መኪናዬ ተንተፋትፋ ቆመች። የነዳጁ ጌጅ ሩብ ታንከር ያሳያል፤ ታንከሩ ግን ባዶ ነበር። በዚያ ሰዓት በጀሪካን ነዳጅ ፍለጋ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል፤ አልዘረዝረውም። በማግስቱ ታሪኩን የነገርኩት የሥራ ባልደረባዬ፣ ሁለት ጌጅ በአንድ ሰሞን ከዋሸ ነገሩ የኤሌክትሪክ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ወደዚህ ወጣት ላከኝ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደርሼ ተራዬ የመጣው 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። ማረፊያ ወንበር የለውም፤ ደንበኛ የሚቀመጠው በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ነው። ተራዬ ሲደርስ ግን መፍቻ ከማንሳቱ በፊት አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ሲጠይቀኝ ቆየ። መቼ ጀመረ? ጠዋት ነው ማታ? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? በመጨረሻም፣ «ጋሼ፣ ይህ ነገር ከመጀመሩ በፊት መኪናዋ ላይ የተነካ ነገር ነበር?» አለኝ። ምንም አልተነካም አልኩት። ቆየት ብዬ ሳስብ፣ ጳጉሜን ላይ አሮጌውን ቴፕ አስወጥቼ አዲስ ማስገጠሜ ትዝ አለኝ። ሦስቱም ጋራዦች ይህን አልጠየቁኝም፤ እኔም የሙዚቃ ማጫወቻና የሞተር ሙቀት ይገናኛሉ ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያ ያደረገውን በዝርዝር የምጽፈው፣ ባለሙያን ከገማች የሚለየው ይህ ስለሆነ ነው። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ካስጠበቀ በኋላ፣ ከርቀት በሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የቴርሞስታቱን ቤት ለካ፤ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አነበበ። የእኔ መኪና ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ የሚከፈት በመሆኑ ይህ ጤናማ ሙቀት ነው። ቀጥሎ የፊት መብራቱን እንዳበራ አዘዘኝ። ጠቋሚው ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ሲሄድ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ እርሱ ደግሞ ያንኑ ቦታ እንደገና ለክቶ ቁጥሩን አሳየኝ። አሁንም 85 ነበር። መብራቱን ሳጠፋው ጠቋሚው ተመለሰ። ለካስ ለሳምንታት ስፈራው የኖርኩት የሞተሩን ሙቀት ሳይሆን የራሴን መብራት ኖሯል። ማታ ማታ ብቻ የሚታመመውም ለዚህ ነው።

በዚህ አላበቃም። ፍሬቻ እንዳበራ ጠየቀኝና ጣቱን ወደ ዳሽቦርዱ ቀሰረ፤ ፍሬቻው ጠቅ ባለ ቁጥር የጌጆቹ መብራት አብሮ ደብዘዝ፣ ፈካ ይላል። ዓመታት የነዳሁት መኪና ነው፣ ይህን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ከዚያም የሙቀት ሴንሰሩን ሽቦ ነቀለ፤ ጠቋሚው ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ወረደ። ሽቦውን በትንሽ የሙከራ አምፖል በኩል ከሞተሩ አካል ጋር ሲያገናኘው ደግሞ ወደ ላይ ወጣ። ጌጁም መስመሩም እንደሚሠሩ በዚህ አወቀ። በመጨረሻ መብራቱን አብርቶ የቴስተሩን (የቮልቴጅ መለኪያውን) አንድ ጫፍ ከጌጆቹ ሰሌዳ ማሳ (ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ከሚመልሰው ግንኙነት)፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አደረገ። ለዜሮ የቀረበ ቁጥር መታየት ሲገባው 1.8 ቮልት አሳየ።

ነገሩን ያስረዳኝ እንደሚከተለው ነው። በዚህ ዕድሜ ባሉ ብዙ መኪኖች የሙቀቱና የነዳጁ ጌጅ የሚሠሩት የባትሪውን ቮልቴጅ ዝቅ አድርጎ በሚያረጋጋ አንድ የጋራ መቆጣጠሪያ ነው። መቆጣጠሪያው ልኩን የሚጠብቀው ማሳው ጥሩ ሲሆን ብቻ ነው። የማሳው ግንኙነት ከላላ፣ የጌጆቹን አምፖሎች ኤሌክትሪክ የሚመልሰውም ያው መስመር ስለሆነ፣ መብራት ሲበራ መስመሩ ይጨናነቃል፤ መቆጣጠሪያውም ተታሎ ለጌጆቹ ከሚገባው በላይ ይለቃል፤ ሁለቱም ጠቋሚዎች አብረው ሽቅብ ይወጣሉ። ሞተሬ ሳይግል ያስፈራኝም፣ ታንከሬ ባዶ ሆኖ ሩብ ያሳየኝም ይኸው አንድ ጉድለት ነበር።

የጌጆቹን ሰሌዳ በካቻቢቴ ፈትቶ፣ የኪሎ ሜትሩን ገመድ ነቅሎ ወደ ፊት ሳበው። ከኋላው ያለው የማሳ ሽቦ ከዳሽቦርዱ ብረት ጋር የታሰረበትን ብሎን በባትሪ መብራት አሳየኝ። ቴፑን የገጠመው ሰው ያንኑ ብሎን ፈትቶ፣ ቀለም የተቀባ የቴፕ መያዣ በመካከል አስገብቶ፣ በእጁ ብቻ አጥብቆት ሄዷል። የሽቦው ቀለበትም አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ወጣቱ የሽቦውን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ቀለበት አስገባለት፣ በሊድ በየደው፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈገፈገው፣ የቴፑን መያዣ ለብቻው በሌላ ቦታ አሰረና ማሳውን በቁልፍ አጠበቀው። እንደገና ሲለካ ቴስተሩ ከዜሮ ብዙም አልራቀም። መብራቱን አበራሁ፤ ጠቋሚው ካለበት አልተነሣም።

እኔ ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም ነበርና፣ ለማንኛውም ሴንሰሩን ቀይርልኝ አልኩት። «ጋሼ፣ ያልተበላሸ ዕቃ ቀይሬ ምን ብዬ ላስከፍልዎት?» አለኝ። የተቀበለኝ የእጅ ዋጋ፣ ለቴስታታው ሥራ ከተጠየቅሁት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቆ ስላሳሰበኝ እኔም አሳስባለሁ። የእኔ ጌጅ ዋሸ ማለት የሁሉም ይዋሻል ማለት አይደለም። ጠቋሚው ወደ ቀይ ከሄደ ቆሞ ማጣራት ግድ ነው፤ ራዲያተሩም ሳይበርድ ክዳኑ አይከፈትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ ውኃ በክፍት ዕቃ ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዘው ነው። በዚህም ምክንያት የክዳኔን ጎማ ሳይቀር ገልብጦ አይቶልኛል፤ ደህና ነበር።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ የሞተር ሥራ አይነካም፤ የእርሱ ሥራ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ጌጃቸው መረጃውን ከኮምፒውተር የሚቀበል አዳዲስ መኪኖችን በመመርመሪያ መሣሪያ ያያል፤ በእነርሱ ላይ የሠራውን ስላላየሁ ግን ምስክርነት አልሰጥም። ሥራው ቀስ ያለ ስለሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መድረስ ይሻላል። ዕቃ መግዛት ካስፈለገ ራሳችሁ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ እንድትገዙ ይልካችኋል እንጂ በእርሱ በኩል አይገዛም። ከመሄዳችሁ በፊት በቅርብ ወራት መኪናችሁ ላይ የተገጠመውን፣ የተፈታውንና የተቀየረውን ሁሉ ቴፕም ቢሆን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።