አንድ ዓመት ወይስ ሁለት? የፋርማሲ ሬዚደንሲ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል

አሜሪካ ውስጥ ፋርም ዲ፣ የፋርማሲ ዶክትሬት ዲግሪ፣ ጨርሰህ በቀድሞ ወታደሮች የጤና ተቋም፣ በቪኤ፣ ሬዚደንሲ፣ ከምረቃ በኋላ የሚወሰድ የሥራ ላይ ሥልጠና፣ ካሰብክ ጥያቄው አይቀርም። አንድ ዓመት ይበቃል ወይስ ሁለተኛውን ልጨምር?

የመጀመሪያው ዓመት፣ ፒጂዋይ 1፣ ሁሉንም ያስነካሃል። አንዱን ወር የተኙ ሕሙማን ክፍል፣ ሌላውን ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው መድኃኒት፣ የዋርፋሪን፣ ክሊኒክ። አንድ አዛውንት ፊትህ ተቀምጠዋል፤ አይኤንአራቸው፣ ማለትም ደም ለመርጋት የሚወስድበት ጊዜ መለኪያ፣ 4.2 ነው፤ ከፍ ብሏል። "የመድማት ምልክት አይተዋል? አንቲባዮቲክ ጀምረዋል?" ትላቸዋለህ። ከዚያ ከአሠልጣኝህ ጋር መጠኑን ታስተካክላለህ። ቪኤ ውስጥ ክሊኒካል ፋርማሲስት በተሰጠው የሥራ ወሰን መድኃኒት ይጀምራል፣ ይቀይራል፣ ያቆማል። ስለዚህ ይህ ልምምድ ወርቅ ነው።

ፒጂዋይ 2 አንድ ዘርፍ ላይ ጠለቅ ያደርግሃል፤ የአእምሮ ጤና፣ ካንሰር፣ ተላላፊ በሽታ። ካንሰር ላይ ለመሥራት የቆረጠ አያመንታ። ለተመላላሽ ክሊኒክ ግን ጥሩ የመጀመሪያ ዓመት ብዙ ጊዜ ይበቃል ባይ ነኝ።

ክፍያው በሁለቱም ከመደበኛ ፋርማሲስት ደመወዝ በጣም ያንሳል። የትምህርት ብድርና ቤተሰብ ላለበት ሐበሻ ሁለተኛው ዓመት ይከብዳል። የአሜሪካ ዜግነትም በአብዛኛው ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ላይ ካለህ ሳታመለክት ፕሮግራሙን ጠይቅ።