ትራይዞል ለቆሮሶ ጉበት፦ ሁለት እርምጃ ካልተጨመረ አያዋጣም

ከዓሣ ጉበት አር ኤን ኤ (የነቃ ዘረመል ቅጂ) ለማውጣት ትራይዞልን፣ ፊኖልና ጓኒዲን ያለበትን ፈሳሽ፣ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። መደበኛውን አሠራር ብቻ ይዞ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ላይ መሥራት ግን ያከስራል።

ግሉኮካይኔዝን እንውሰድ። የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ጉበት ውስጥ በደንብ የሚነቃው ዓሣው ስታርች ያለበት መኖ ሲበላ ነው፤ የተራበ ዓሣ ላይ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ከበላ ዓሣ መወሰድ አለበት። የበላ ዓሣ ጉበት ደግሞ ግላይኮጅን (የተከማቸ ስኳር) እና ስብ የሞላው ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሲቆረጥ ሐሞቱ እንዳይፈስ፤ የሐሞት ጨው ፒ ሲ አርን (ዘረመሉን አባዝቶ የሚለካውን ዘዴ) ያግዳል። የቆሮሶ ጉበት ውስጥ አር ኤን ኤ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ያሉት የቆሽት ሕብረ ሕዋስ ተሰራጭቶ ስለሚገኝ አር ኤን ኤው ቶሎ ይበጣጠሳል። ቁራጩ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይግባ፤ ሳይቀልጥም ትራይዞል ውስጥ ይፈጭ። ለ1 ሚሊ ሊትር ትራይዞል 50 ሚሊ ግራም ጉበት በቂ ነው፤ እስከ 100 ይቻላል ቢባልም ለጉበት ይበዛል።

የመጀመሪያው ጭማሪ፦ ክሎሮፎርም ከመግባቱ በፊት በ12,000 ጂ፣ በ4 ዲግሪ፣ ለ10 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ ማድረግ (በፍጥነት ማሽከርከር)። ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ ያለውን ቀዩን ፈሳሽ ብቻ ወደ ሌላ ቱቦ ማዛወር። ከዚያ 0.2 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም፣ 15 ሰከንድ በኃይል መነቅነቅ፣ ጥቂት ደቂቃ ማቆየትና 15 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ። አር ኤን ኤው ያለበትን የላይኛውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ሲቀዱ የመጨረሻዋን ጠብታ አይመኟት፤ ፊኖል ይዛ ትመጣለች።

ሁለተኛው፦ በ0.5 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፓኖል ፋንታ 0.25 አይሶፕሮፓኖልና 0.25 ጨዋማ ውሁድ (0.8 ሞላር ሶዲየም ሲትሬት ከ1.2 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ጋር) መጠቀም። አር ኤን ኤው ሲዘቅጥ ግላይኮጅኑ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ይህ ካልተደረገ ቱቦው ሥር የሚታየው ትልቅ ነጭ ዝቃጭ፣ ግላይኮጅን ሆኖ ሳለ አር ኤን ኤ መስሎ ያሳስታል፤ የ260/280 ንባብም (በብርሃን የሚወሰድ የንጽሕና መለኪያ) 2.0 ገደማ ሆኖ ምንም ችግር የሌለ ያስመስላል።

ጉዳቱ የሚወጣው በሕብረ ሕዋሳት ንጽጽር ላይ ነው፦ የጉበቱ ፒ ሲ አር ስለታገደ የዘረመሉ ንቃት በጉበት ከጡንቻ ያነሰ ይመስላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ሲ ዲ ኤን ኤውን (ከአር ኤን ኤው የተቀዳውን ዲ ኤን ኤ) 10 እጥፍ ማቅጠን። የሲ ቲ ዋጋው (ምልክቱ የሚታይበት የፒ ሲ አር ዙር ቁጥር) በ3.3 ገደማ ካልጨመረ፣ ጭማሪው ከዚያ በታች ከሆነ፣ አጋጅ አለ። ትራይዞል ዲ ኤን ኤ ስለሚያስቀር ዲ ኤን ኤዝም (ዲ ኤን ኤ የሚያፈርሰው ኢንዛይም) አይታለፍ።

በሲሊካ አምድ (አር ኤን ኤውን በሚይዝ ማጣሪያ) የሚሠራው ኪት ፈጣን ነው፤ ስብ የበዛበት ጉበት ግን ይደፍነዋል። ለትራይዞል ጓንትና የጭስ መሳቢያ ግድ ነው፤ ፊኖሉ ቆዳ ያቃጥላል። ቆሻሻው በረኪና አይንካው፤ ትራይዞል ውስጥ ካለው ጓኒዲን ጋር መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።